እናቴን ያስወጡበት መጽሐፍ

እናቴ በልጅነቷ ያዘለችው ሕፃን አድጎ፣ ሸምግሎ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ የድምፅ መቅረጫ ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ቤታችን መጣ። አገሩ ሁሉ ስለ ሚሊኒየም የሚያወራበት ሰሞን ነበር፤ ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ የዘር ሐረግ የሚቆጠርበት፣ አቅም ያለው ሁሉ የአባቱን ታሪክ በመጽሐፍ የሚያሳትምበት ሰሞን። እሱም የቤተሰቡን ታሪክ እየጻፈ ነበር። «እታለም፣ ያለ አንቺ ይህ መጽሐፍ አይጻፍም» አላት እጇን ይዞ። እናቴ ከደስታዋ ብዛት የምትሆነውን አጣች።

ማን እንደሆነ ልናገር። አባቱ በንጉሡ ዘመን ሚዛን ተፈሪ ላይ ሰፊ የቡና መሬት የነበራቸው፣ ከሰሜን የመጡ ሹም ነበሩ። እናቴ የተወለደችው በእኚህ ሰው ማድ ቤት ውስጥ ነው። አያቴ፣ ማለትም የእናቴ እናት፣ ገና ልጅ ሳለች ከማጂ በታች ካለ መንደር ተወስዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጣ እዚያ ቤት የገባች ናት። የእናቴ አባት ደግሞ ራሳቸው ሹሙ ናቸው። ይህን የድሮ የሚዛን ሰው በሙሉ ያውቃል። አፍንጫዋ የሳቸው ነው፤ አረማመዷ የሳቸው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ግን አፉን ሞልቶ «ልጃቸው ናት» ያለ ሰው የለም። ታናሽ ወንድሟንም ያዘለችው እንደ እህት ሳይሆን እንደ ሞግዚት ነው። «እታለም» የሚላትም በቁልምጫ እንጂ እህቴ ለማለት አልነበረም። እኔ ደግሞ እሱን «ጋሼ» ነበር የምለው። አጎቴ እንደሆነ እያወቅሁ።

በዚያ ጊዜ እዚያው ሚዛን፣ ገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። እናቴና እኔ የምንኖረው ከዚያው ጀርባ ባሉት ክፍሎች ነው። አባቴ ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ ኖሮ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ በርጩማዋን በረንዳው ላይ አውጥታ፣ ዝናብ ካልሆነ በቀር ቀኑን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች። ጋሼ የመጣ ሳምንት ግን በረንዳው ላይ አልወጣችም። ጠዋት ጠዋት እሱ ይመጣል፣ መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል፣ እሷ ታወራለች። እኔ በመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እየጻፍኩ እሰማለሁ።

ሁሉንም ነገረችው። እናቷ ከሌሎች ልጆች ጋር በጠፍር ታስራ እንዴት እንደተነዳች፤ እዚህ ስትደርስ ስሟን ቀይረው እንዴት የክርስትና ስም እንዳወጡላት፤ ጨው ሰርቃ ላሰች ተብላ መዳፏን በፍም እንዴት እንዳቃጠሏት። ያ ጠባሳ እስክትሞት ድረስ ጣቶቿን እንዳትዘረጋ እንዳደረጋት። በመጨረሻው ቀን እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባትህም አባቴ ናቸው፤ ታውቃለህ አይደል?» አለችው።

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። «አውቃለሁ፣ እታለም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ» አለና አለቀሰ። እናቴም አለቀሰች። እኔ ሞኟም በመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አለቀስኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቤተሰቡ መጽሐፉን ለማስመረቅ በመኪና በመኪና ሆኖ ወረደ። ምረቃው ከተማው ውስጥ ባለ የሆቴል አዳራሽ ነበር። የሹሙ ፎቶግራፍ ከነካባቸው በትልቅ ባነር ላይ ተሰቅሏል። የቀበሌና የወረዳ ሹማምንት፣ ካህናት፣ የቡና ነጋዴዎች፣ የቤተሰቡ የልጅ ልጆች ሞልተዋል። እናቴ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። መድረክ መሪው «የቤቱ ባለውለታ» ብሎ ጠራትና ጋቢ አለበሷት። ጭብጨባው ቀለጠ። እሷ ግራ በተጋባ ፈገግታ እጅ ነሳች።

ንግግሩ ሲረዝም መጽሐፉን ገለጥኩት። ወፍራም ነው፣ ወረቀቱ ያበራል። መጀመሪያ የፈለግሁት አያቴን ነው። አገኘኋት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆና። ሹሙ ከማጂ በኩል ወላጆቿን ያጣች ሕፃን በቸርነታቸው ተቀብለው እንደ ልጃቸው አሳደጉ ይላል። በቸርነታቸው! ጠፍሩ የለም። ጨው የለም። ፍም የለም። ከዚያ የሹሙን ልጆች ዝርዝር አወጣሁ፤ እናቴ የለችም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ገጽ ሁሉ በጣቴ እየሄድኩ ፈለግሁ፤ ስሟ የትም የለም። ሳምንት ሙሉ እንባዋን ያፈሰሰችበት ታሪክ ግን ነበር። የገናው ጨዋታ፣ የማር ግብሩ፣ ሹሙ በፈረስ ሲወጡ ሰው እንዴት ያጅባቸው እንደነበር፣ ሁሉ ከእናቴ አፍ እንደወጣ ቃል በቃል ተጽፏል። የሚፈልጉትን ለቅመው እሷን ጥለዋታል።

እናቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፣ ግን ማንበብ ያደክማታል። ስለዚህ ፎቶዎቹን ታያለች። አንዱ ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቤተሰቡ በግቢው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ የተነሳው የድሮ ፎቶ ነው። እሱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ዋናው ፎቶ የሹሙ ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ሳይ ነው ያደግሁት። በዋናው ላይ እናቴ ጥግ ላይ ቆማ ሕፃኑን ጋሼን ታቅፋለች። በመጽሐፉ ላይ ጠርዙን ቆርጠውታል። ሕፃኑ አለ። ሕፃኑን ከጎን የያዙ ሁለት እጆች አሉ። ሰው የለም።

እናቴ ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ «እነዚህ የኔ እጆች ናቸው» አለችኝ። እንደ ጥያቄ ነው ያለችው።

ደሜ ፈላ። ሌላ ቃል የለኝም። ጋሼ እንግዶች ሊሸኝ ወደ በረንዳው ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ።

«ጋሼ፣ እናቴ የታለች?»

«ውስጥ አይደለች እንዴ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ማለቴ ነው።»

ግራ ቀኙን አየና ክንዴን ይዞ ወደ አበባው አጥር ወሰደኝ። «ልጄ፣ ተረጂኝ። ወንድሞቼና እህቶቼ አልተስማሙም። የአባታችን ስም አለ፣ የእናታችን ስም አለ። ለእሷም ክብር ብለን ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲወጣ ማን ይዋረዳል? እሷው ናት።»

«እሷ ምን አድርጋ ነው የምትዋረደው?»

«ታሪክ ሁሉ አይጻፍም እኮ፣ ልጄ።»

«እርስዎ አልቅሰው አልነበረም? እኔ እኮ ሰምቼዎታለሁ።»

አንዱ ባለሥልጣን መጥቶ ትከሻውን ሲነካው ፊቱ ወዲያው ተቀየረ፤ እየሳቀ ዞረ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ተመልሼ ስገባ እናቴ ጋቢውን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለች። «እንሂድ» አለችኝ። ባጃጅ ያዝን።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ጠላሁት። የምጽፈው ምን እንደነበር አስቡት። ጡረታ የወጣ ወታደር የዘመቻ ትዝታውን ይዞልኝ ይመጣል። በእግሩ መንደር ለመንደር ሲሰብክ የኖረ ወንጌላዊ ምስክርነቱን ያጽፈኛል። ቴፒ ያለ ነጋዴ የጎሳውን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ በትልቅ ወረቀት ያመጣል። ሁሉም የሚጀምሩት በአባታቸው ጀግንነት ነው። በማንም መጽሐፍ ውስጥ የሚሸጥ ሰው የለም፣ የሚገዛም የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ከየት መጥቶ የት ገባ? ቁልፎቹን እየደበደብኩ ነበር የምጽፍላቸው። አንዱ ደንበኛ «ምነው ዛሬ ኮምፒውተሩን ተጣላሽው?» ብሎኛል።

እናቴ በረንዳዋ ላይ ተመልሳ መቀመጥ ከጀመረች በኋላ አንድ ጠዋት ወደ ውስጥ ገብታ አጠገቤ ቆመች።

«ሰዎቹ ወረቀት ይዘው እየመጡ አንቺ ታሳምሪላቸዋለሽ።»

«አዎ።»

«እኔ ወረቀት የለኝም። ብነግርሽስ?»

እንዲህ ጀመርን። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ለጋሼ ያልነገረችው ብዙ ነገር ነበር። ደርግ መሬቱን ሲወርስ የሹሙ ቤተሰብ ከተማ ገብቶ ሲኖር እሷ ጎደሬ ቆፍራ እንዳሳደገችኝ። አያቴ አማርኛዋ ከተስተካከለ በኋላም በትኩሳት ስትታመም ብቻ በልጅነት ቋንቋዋ ትቃዥ እንደነበር፣ ማንም እንዳይሰማት እናቴ አፏን በነጠላ ትሸፍናት እንደነበር። እዚያ ላይ ስትደርስ መጻፍ አቃተኝ። እሷ ግን «ጻፊ እንጂ» አለች።

ከዚያ አገሩን ካላየሁ አለች። «እናቴ የተወለደችበትን አፈር ሳልረግጥ ምን ብዬ እናገራለሁ?» አለች። በበጋው መጨረሻ ቱም ድረስ በአይሱዙ ሄድን፤ እሷ ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ከጭነቱ ላይ። ከዚያ ወዲያ ወደ ማጂ የሚወጣው መንገድ በድንገተኛ ዝናብ ተቆርጦ አገኘነው። ተራራው በጭጋግ ተሸፍኗል። ቱም ገበያ ውስጥ ስናጠያይቅ ሰዎች ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት መሩን፤ የድሮ ነገር የሚያውቅ እሱ ነው አሉን።

ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። አማርኛ ብዙም ስለማይችሉ ጎልማሳው ልጃቸው ያስተረጉምልን ጀመር። እናቴ የመጣችበትን ተናገረች። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዳመጡና በቋንቋቸው መናገር ጀመሩ። ልጃቸው ጥቂት ከተረጎመ በኋላ መሐል ላይ ቆመ። ከአባቱ ጋር መነታረክ ያዘ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «አባቴ ደክሟቸዋል፤ ሌላ ቀን ኑ» አለ።

ሽማግሌው ግን እናቴን ክንዷን ያዙና በተሰባበረ አማርኛ ራሳቸው ቀጠሉ። «ወታደር መጣ። ሰው ስጡ አለ። ባላባት የኔ አያት ነው። ከዚያ ቤት አንድ፣ ከዚያ ቤት አንድ፣ አያቴ መረጠ። የድሃ ልጅ መረጠ። የራሱ ልጅ አልሰጠም።»

ልጃቸው ብድግ አለ። «ይኼን ጽፋችሁ ልታዋርዱን ነው የመጣችሁት? እኛም እኮ ተጎድተናል! የተዘመተብን እኛ ነን!»

እውነቱን ነው፤ ተዘምቶባቸዋል። እኔ ግን ያን ጊዜ ለማንም የማዝንበት ልብ አልነበረኝም። እዚያም ያው ነው ብዬ ተቃጠልኩ። የገዛውም ለስሙ ይሳሳል፣ የሰጠውም ለስሙ ይሳሳል፣ የተሰጠችው ልጅ ስሟን እንኳ ይዛ አልሄደችም። ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝና ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው።

«ልጆቹን ሲወስዱ እናቶቻቸው አለቀሱላቸው?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ማልቀስ አይቻልም ነበር ይላሉ። ያለቀሰ ቤት ሌላ ልጅ ይወሰዳል።»

እናቴ ወጥታ ከደጃፉ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የለቅሶ ወጉን ጠብቃ፣ እናቷን በክርስትና ስሟ እየጠራች። ሌላ ስም አታውቅላትም። የገበያ ሰው እየቆመ አያት። የሽማግሌው ልጅም በሩ ላይ ቆሞ አያት፤ ትንሽ ቆይቶ ወንበር አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ። አልተቀመጠችበትም።

ወደ ሚዛን ተመልሰን መጽሐፉን ጨረስን። ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬው አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ጋሼ ሽማግሌ ላከ፤ የንስሐ አባታችንን፣ ጡረታ የወጣ ዳኛና አንድ የቡና ነጋዴ። ሦስቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እናቴ በቆጮና በአይብ ተቀበለቻቸው። ብዙ ከዞሩ በኋላ ዳኛው ወደ ነገሩ ገቡ።

«ታሪክሽን መጻፍሽን ማንም አልተቃወመም። አንዷን ነገር ብቻ አውጪ ነው የምንልሽ። የአባትሽን ነገር።»

«የአባትሽን ነገር ካሉማ አባቷ እንደሆኑ ያውቃሉ ማለት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ? ለምን ይወጣል?»

«አንቺ ዝም በይ፣ ልጄ» አሉኝ የንስሐ አባታችን።

«ዝም ማለትማ ስንኖርበት የነበረው ነው!»

እናቴ ሽማግሌዎቹን አሰናብታ፣ ሳህኖቹን አንስታ፣ እጇን ታጥባ መጣች። «አውጪው» አለችኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ። ፈሪ አልኳት። እስከ ዛሬ ጓዳቸው ውስጥ ነሽ አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያ ሰውዬ አንድ ቀን ልጄ አላለኝም» አለች። «ሲሞት እንኳ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ፣ አላለኝም። በቤቱ ውስጥ ቦታ አልሰጠኝም። እኔ በመጽሐፌ ውስጥ ለምን ቦታ እሰጠዋለሁ? መጽሐፉ የእናቴ ነው። ውጣልኝ በይው።»

ሰውዬ ነው ያለችው። ስትጠራቸው ሁልጊዜ «ጌታዬ» ነበር የምትለው። ቢሆንም አልተዋጠልኝም። ሽማግሌዎቹ አሸነፍን ብለው እንደሚሄዱ ታየኝ። ለቀናት ተኮራረፍን። በመጨረሻ መጽሐፉ የሷ ነውና ያለችውን አደረግሁ፤ ሹሙን ከነካባቸው አስወጣኋቸው።

ጅማ ሄጄ አሳተምኩት። ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ እናቴ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ካሜራውን ትኩር ብላ ታየዋለች፣ ሙሉ ሰውነቷ፣ ከነእጇ። ምረቃ የሚባል አላደረግንም። በርጩማዋ አጠገብ ካርቶኑን አስቀምጣ ለምትወደው ሰው ሁሉ ሰጠች፤ ለማኅበሯ ሴቶች፣ ለኮረሪማ ሻጮች፣ ሆስፒታል ለምታውቃት ነርስ። ማንበብ የማይችሉት ደግሞ ልጆቻቸውን እያስነበቡ ሰሙት። ከዚያ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። አንዷ ኮረሪማ ሻጭ በሩን ከኋላዋ ዘግታ «የኔም አያት እንዲህ ነበረች፤ ባሌ ግን አያውቅም» አለችኝ በሹክሹክታ። በራሷ አገር፣ በራሷ ዘመን፣ በሹክሹክታ!

ጋሼ ለፋሲካ በሹፌር በግ ላከ። «ስላስተዋልሽ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል መልእክት አብሮ አለ። እናቴ በጉን ገመዱን እንኳ ሳትፈታ መለሰችው። «ላንተ ብዬ አይደለም በለው» አለችው ሹፌሩን። ሹፌሩ የሚገባበት ጠፋው።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአጭር ሕመም በኋላ ዐረፈች። ጋሼ ለቀብሩ ደረሰ። እርጅና ተጭኖታል፣ ከዘራ ይዟል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው እንደተቀመጠ ተነሳና መናገር ጀመረ። ስለ ደግነቷ፣ ስለ ትዕግሥቷ ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ተቆረጠና «ዛሬ የቀበርኩት እህቴን ነው፤ የአባቴን ልጅ» አለ። ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ወጣለት» የሚል ይመስላል።

ተነስቼ ቆምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት።

«ለማን ነው የምትናገረው? ትናንት በሕይወት ነበረች። ስልክ ነበራት። አንድ ቀን ደውለህ እህቴ ብትላት ምን ይጎድልብህ ነበር?»

ከኋላዬ ሰዎች ቀሚሴን ሳቡ። እሱ እጁን ዘረጋልኝ። «ልክ ነሽ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው። መጽሐፉ በድጋሚ ሊታተም ነው፤ ከልጆቹ ተርታ ስሟን አስገባለሁ። ቃሌ ነው።»

«አታስገባትም!» አልኩት። «ሽማግሌ ልከህ አባትህን ከመጽሐፏ ስታስወጣ ነገሩ አልቋል። አሁን እናቴ ሞታ የምትጌጡባት ልታደርጓት ነው? አልፈቅድም።»

የንስሐ አባታችን ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታወሱኝ። ሴቶቹ ይዘው አስቀመጡኝ። ጋሼ ትንሽ ቆሞ፣ ከዘራውን ፈልጎ፣ በድንኳኑ ጎን ወጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። የተሸኘው በሌሎች ነው።

ሰው ሁሉ ይቅር በይ ይለኛል። ሽማግሌ ነው፣ አልቅሷል፣ በአደባባይ አምኗል ይሉኛል። እኔ የምለው ግን ይህን ነው፦ እናቴ ሹሙን ያስወጣችው ከራሷ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ የእናቷ ነውና መብቷ ነበር። ይህ ግን የኔ ጽሑፍ ነው። እናቴ የዚያ ቤት ልጅ ነበረች። እነሱም ያውቁ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንባቢውም አሁን ያውቃል። ጋሼ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል። ስልኩ እስኪዘጋ ጠብቄ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።